የጤና ቡድን መዝገብ ላይ የለም ወይ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ጤና ይስጥልኝ። ደሴ ውስጥ የአንድ የጤና ቡድን፣ ማለትም ለጤናቸው ብለው ኳስ የሚጫወቱ ትልልቅ ሰዎች ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ደመወዝ የሌለው ሥራ ነው፤ ጭቅጭቁ ግን የጉድ ነው። በገና ሰሞን ስለ ገና ጨዋታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ደስ ይላል። ያልተዋጠልኝ አነጋገሩ ነው፤ ስለ ሞተ ዘመድ የሚወራ ይመስላል። አባቶቻችን እንዲህ ይጫወቱ ነበር፣ አሁን ቀረ፣ ያሳዝናል፣ በቃ። እኔ አልቀረም ባይ ነኝ። ዱላው ቀርቶ ይሆናል። ትልልቅ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፣ ለዋንጫም ለገንዘብም ሳይሆን እንዲያው ለራሳቸው መጫወታቸው ግን አልቀረም። ደሴም ሂዱ ኮምቦልቻ፣ በየሳምንቱ ሜዳ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። የሚጽፍላቸው ጠፋ እንጂ።

ገናን በልጅነቴ ያየሁት እናቴ አገር ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ። ታኅሣሥ ሲያልቅ እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶውን ይቀራል። የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ይለያል። ሁሉም ጫፉ የቆለመመ ዱላውን ይዞ ይመጣል። ዱላ እንዲያው ተነስቶ አይቆረጥም፤ ከብዙ ቀን በፊት ዛፉ ላይ ታይቶ፣ ታጭቶ የሚቆይ ነው። ጥንጓ ከእንጨት የተጠረበች ናት። እሷ ያገኘችው ቁርጭምጭሚት ለጥምቀትም አይደርስ። መስመር የለ፣ ፊሽካ የለ፣ «ስንት ለስንት ሰው ነን?» ብሎ የሚቆጥር የለ። የመጣ ሁሉ ይገባል።

ልብ በሉልኝ፤ የሚጫወቱት ልጆች አልነበሩም። እኛ ልጆቹ ዳር ቆመን ነው የምናየው። ውስጥ ያሉት ልጅ የዳሩ፣ በሬ የጠመዱ፣ ሸንጎ የሚቀመጡ ሰዎች ናቸው። አገር የሚፈራው ሰውዬ ቅልጥሙን ተመትቶ እያነከሰ ይስቃል። ምክንያቱም «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ነው ሕጉ። በዚያች ከሰዓት ትልቅ ትንሽ የለም። ነገ ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል፤ ያቺን ዕለት ግን ሁሉም ተጫዋች ነው። ገና ዛሬም ከትግል፣ ከገበጣና ከፈረስ ጉግስ ጋር በባህል ስፖርቶች ውድድር ይካሄዳል፤ ዳኛም ማሊያም አለው። እሰየው ነው። ግን ያ ለተመረጡ ተወዳዳሪዎች ነው። እኔ የማወራው ማንም ስላልመረጠው ሰው ነው።

ካናዳ የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ። ባለፈው በቪዲዮ ደውሎ «ጋሼ፣ ሆኪ ጀመርኩ» አለኝ። ዕድሜው ሃምሳ ሊሞላ ነው። ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርጎ፣ በረዶ ላይ፣ ጫፉ የታጠፈ ዱላ ይዞ። «ታዲያ ይሄ ገና አይደለም ወይ?» አልኩት፤ ሳቅን። ከዚያ ግን ነገሩ ገርሞኝ ጠየቅሁት። የሚጫወቱት ሌሊት ነው አለኝ፤ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 11 ሰዓት። ጥሩ ጥሩው ሰዓት ለልጆችና ለክለቦች ይሰጣል። ትልልቆቹ የተረፈውን ሰዓት ተዋጥተው ይከራያሉ። በአካል መጋጨት ክልክል ነው። ዱላውን ከኋላ አንስቶ በኃይል መለጋትም አይፈቀድም። «ነገ ሁላችንም ሥራ አለን» ነው የሕጉ ሁሉ ምክንያት። ሕጉን ወደድኩት።

ይበልጥ የወደድኩት ግን ሌላ ነው። እነዚያ ሰዎች ታሪካቸውን ጽፈው ያስቀምጣሉ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1875 ሞንትሪያል ውስጥ ሆኪ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዳራሽ በረዶ ላይ ተመልካች ተጠርቶ ተካሄደ፤ ይህን የታወቀውን ታሪክ ይጽፋሉ። በ1975 ደግሞ የአንጋፋ ሆኪ ተጫዋቾች አገር አቀፍ ማኅበር አቋቋሙ፤ ኋላ የአዋቂዎች መዝናኛ ሆኪ ማኅበር ተባለ። ይህንንም ይጽፋሉ። ልክ በመቶ ዓመቱ መሆኑ ነው። የሰፈር ቡድኖቹም ቢሆኑ በረዶውን መጀመሪያ ማን ተከራየ፣ ማሊያውን ማን አጠበ፣ ገንዘቡን ማን ያዘ፣ ፎቶው ላይ ከግራ ሦስተኛው ማን ነው ብለው ያሰፍራሉ። አንዱም ታዋቂ ሰው አይደለም።

የእኛስ? ጥር 1954 ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ መውሰዳችንን በየዓመቱ ትጽፉልናላችሁ። ተገቢ ነው፤ እኔም በየዓመቱ አነበዋለሁ። ከዚያ ውጭ ያለው የተራው ሰው ኳስ ግን ወዴት ገባ?

እንግዲህ ያየሁትን ልንገራችሁ። ወጣት ሳለሁ በደርግ ዘመን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ኮምቦልቻ የሠራተኛ ከተማ ናት፤ ጨርቃ ጨርቁ፣ ቆዳው፣ ሥጋው፣ በኋላም ቢራውና ብረታ ብረቱ፣ በ2009 ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኩ። ፋብሪካ ካለ ቡድን አለ። ለዋናው ቡድን የሚመረጠው ግን ጎበዝ ጎበዙ ነው። ያልተመረጥነውና ዕድሜያቸው የገፋው ምን እናድርግ? ፈረቃ ለፈረቃ ገጠምን። የሌሊቱ ፈረቃ ጠዋት ሲወጣ የቀኑን ተረኞች ሳይሆን ሜዳውን ነው የሚያየው። ፀጉራቸው ላይ ጥጥ እንደተጣበቀ፣ ዓይናቸው ደም ለብሶ፣ ቱታቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ይገባሉ። ግማሹ በባዶ እግሩ ነው። ከርቀት ስታያቸው ሁሉም ሽበታም ይመስላሉ። የእረፍት ተረኞቹ ደግሞ ጠግበው ተኝተው፣ ታጥበው፣ በርትተው ይመጣሉ። ታዲያ ብዙ ጊዜ የሚያሸንፈው የሌሊቱ ነው። እስከ ዛሬ ምክንያቱ አልገባኝም።

ፎርማኑ ተከላካይ ነበር። ትናንት ማታ በማርፈድህ የቆጣህን ሰው ዛሬ በሁለት እግሩ መሃል ኳስ ታሳልፍበታለህ፤ ምንም አይልህም። የገናው ሕግ ፋብሪካ ድረስ ተከትሎን መጥቷል ማለት ነው።

መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ሰው ተበተነ። አንዳንዱ ንግድ ገባ፣ አንዳንዱ ሹፌር ሆነ፣ እኔ ደሴ ወጣሁ። ቡድኑም ከፋብሪካ ወጥቶ ሰፈር ገባ። መልኩም ተቀየረ። ድሮ የምንጫወተው ስለምንወደው ነበር። በኋላ ሐኪም እየላከብን መጣ። «ስኳርህ ከፍ ብሏል፣ ግፊትህም ደህና አይደለም፣ ተንቀሳቀስ» የተባለ ሰው ብቻውን መሮጥ ያፍራል። ቦርጩን ይዞ አስፋልት ላይ ቢሮጥ ሰፈሩ ይስቅበታል። ሃያ ሰው አብሮት ከሮጠ ግን ማን ይስቃል? የጤና ቡድን የሚለው ስም የያዘውም ለዚህ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ያድርግ ይላል። እኛ ቅዳሜና እሑድ ማለዳ እንሞክራታለን። ክርክሩ ቢቆጠርማ ከዚያም በላይ ነበር።

ስለ ቡድናችን ደብተር ልንገራችሁ። ባለ ጠንካራ ሽፋን ነው፤ ጠርዙ በፕላስተር ተለጥፏል። እኔ ከመያዜ በፊት የጻፉት አንድ ጡረተኛ መምህር ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። የእሳቸው ጽሑፍ የታተመ ነው የሚመስለው፤ የእኔ የዶሮ ጭረት ነው። አንዱ ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «ኳስ ማስነፊያ፣ 20 ብር። በረኛው ዘግይቶ፣ ቅጣት 10 ብር፤ አልከፈለም። ተንሸራቶ ኳስ የነጠቀ፣ ቅጣት 50 ብር፤ ይግባኝ ብሏል።» ከሥሩ በቀይ እስክሪብቶ «ይግባኙ ተቀባይነት አላገኘም» ተብሎ ተጽፏል። ቀጥሎ ያለው ገጽ የለቅሶ መዋጮ ነው። ከዚያ የአንድ አባል ልጅ ሠርግ። ከዚያ ደግሞ እግሩ ለተሰበረ አባል የታክሲና የመድኃኒት። ማኅበሩ ግማሹ ኳስ፣ ግማሹ ዕድር ነው። ሰው ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት መጫወት ካቆመ በኋላም መዋጮውን ይከፍላል፤ ዳር ተቀምጦም ይሳደባል። መብቱ ነው።

ጾምና ሮመዳንም ደብተሩ ላይ አሉ። ወሎ ነንና ግማሻችን ሙስሊም፣ ግማሻችን ክርስቲያን ነን። እሑድ ቅዳሴ የሚያስቀድሰው አርፍዶ ቢመጣ አይቀጣም፤ ይህ በደንቡ ተጽፏል። በሮመዳን ጨዋታው በግማሽ ያጥራል፤ ሰዓቱም ይቀየራል። ፍልሰታ ላይ ደግሞ ቁርሱ ሁሉ የጾም ይሆናል፤ ሙስሊሙም አብሮ ሽሮና ፉል ይበላል። ማንም ሰብስቦ አልሰበከንም። አንድ ጊዜ ቁርስ ላይ ተነጋገርን፣ መምህሩ ጻፉት፣ አለቀ።

ችግር የነበረው ሌላ ነው። አዲስ የገባ ወጣት አንድ ሐጂያችንን «ሐጂ፣ እባክዎ ያቀብሉኝ!» ሲል ተከላካዩ ኳሷን ወስዶ ይሄዳል። ስለዚህ ሐጂ ራሳቸው ሐሳብ አቀረቡ። ፊሽካ ከተነፋ እስከ ፊሽካ ሁሉም «አንተ» ነው። ከመስመር ውጭ ግን ወደ አንቱታው እንመለሳለን። ወጣቱ መጀመሪያ አንደበቱ አልታዘዝ ብሎት ነበር። አሁን «አቀብል እንጂ አንተ ሰውዬ!» ሲላቸው ሐጂ ደስ ይላቸዋል።

ከኮምቦልቻ ጡረተኞች ጋር የምናደርገው ግጥሚያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ልዩነቱ ቁልቁለቱ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተሰቅላለች፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ ተዘርግታለች። እነሱ የሐረጎን ዳገት ወጥተው እኛ ዘንድ ሲመጡ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ብርድ ይቀበላቸዋል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ወገባቸውን ይዘው ይቆማሉ። አንዱ አንድ ጊዜ «እናንተ ሰዎች፣ አየሩን ምን አደረጋችሁት?» ብሎናል። እኛ ስንወርድ ደግሞ ሙቀቱ ያቀልጠናል። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ተቀያሪ ለመሆን የምንጣላው ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁሌም ባለሜዳው ያሸንፋል። ሪጎሬ የሰጠ ዳኛ ደግሞ ለምሳ አይጋበዝም። ቀልዴን ነው፤ ይጋበዛል፤ ግን ጥግ ይቀመጣል።

በ2012 ኮሮና ሲመጣ የደብተሩ ገጾች ባዶ ናቸው። ከዚያ ጦርነቱ። ስለሱ ብዙ አልጽፍም፤ እናንተም ጽፋችሁታል፣ እኛም ኖረነዋል። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ከተማው ሲወጣ እኛም ወጣን። ባለቤቴ የቤት ካርታውን በፌስታል ስትይዝ ደብተሩንም አብራ ከታዋለች፤ ከአንድ መሳቢያ ውስጥ ነበሩ። ኅዳር 27 ደሴና ኮምቦልቻ ነፃ ከወጡ በኋላ ስንመለስ ኳሶቹ የሉም፣ ማሊያው የለም፣ መንፊያውም የለም። ስም ዝርዝሩ ግን ነበረን። እሱን ይዘን ቤት ለቤት ዞርን። ማን ተመለሰ፣ ማን አዲስ አበባ ቀረ፣ ማን ታመመ፣ ማን የለም። አንዳንድ በር ላይ ኳስ ይነሳል ብለን አልነበረም የሄድነው፤ ግን ሰው ራሱ «መቼ ነው የምንጫወተው?» እያለ ጠየቀን። የመጀመሪያዋን ዕለት በተዋስናት ኳስ ተጫወትን። ጎል ስንት እንደገባ አልተጻፈም። መዋጮ ግን ተሰብስቧል።

አሁን ወደ ብሶቴ ልምጣ። የምንጫወትበት ሜዳ ጥግ ላይ ከጥቂት ወራት በፊት እንጨት ተተከለ፣ ቆርቆሮም ተመታ። የማዕዘን ምት ከሚመታበት ቦታ ጀምሮ አንድ ትልቅ ቁራጭ ሄደ። ሦስት ሆነን ወደሚመለከተው ክፍል ሄድን። የተቀበለን ልጅ ጨዋ ነው፤ ወንበር ሰጠን። «ክለብ ናችሁ?» አለን። አይደለንም። «የታዳጊ ፕሮጀክት ናችሁ?» እኔ ሽበቴን ነካሁ። «የመሥሪያ ቤት ቡድን?» ጡረተኞች፣ ልብስ ሰፊ፣ ሁለት የባጃጅ ሹፌሮች፣ አንድ ፋርማሲስት፣ ከብት ነጋዴ። ኮምፒውተሩን አየና «እንግዲያው መዝገብ ላይ የላችሁም» አለን። ክፋት የለበትም። በእሱ መዝገብ ሜዳው ባለቤት የለውም፤ ተጠቃሚም የለውም። ባዶ መሬት ነው።

እኔን ያናደደኝ ቆርቆሮው አይደለም። ቆርቆሮ ይነሳል። ከደርግ ጀምሮ በየመንግሥቱ ሲጫወት የኖረ ሰው በመዝገብ «የለም» መባሉ ነው። ክለቡ ይመዝገብ፣ ታዳጊውም ይመዝገብ፤ ልጆቻችን ናቸው። የኮሪደር ልማቱ የእግረኛ መንገድ ማምጣቱም ጥሩ ነው፤ አመሻሹ ላይ ከባለቤቴ ጋር እወጣበታለሁ። እሑድ ጠዋት በየከተማው የሚደረገው የጅምላ ስፖርትም ያስደስታል። ግን እግር ጉዞና ጨዋታ አንድ አይደሉም። ጨዋታ ሜዳ ይፈልጋል፣ ተቃራኒ ይፈልጋል፣ የሚቆጣህና ቁርስ የሚጋብዝህ ሰው ይፈልጋል።

ልጄ ይህን ደብዳቤ በኮምፒውተር እየጻፈችልኝ ነው። «ለሴቶቹስ?» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። የእኛ ደብተር ላይ የሴት ስም ያለው በመዋጮና በቁርስ ዝግጅት ገጽ ብቻ ነው። እናቴ አገርም ገናን የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ለዚህ የማቀርበው ሰበብ የለኝም። ሜዳው ካለ ሴቶቹም ተራ ይይዙበታል፤ ከሌለ ግን ለሁላችንም የለም።

ስለዚህ ከስፖርት ጽሕፈት ቤቶቻችን የምለምነው ቀላል ነገር ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ያሉትን የጤና ቡድኖች ዝርዝር ያዙ። የት ሜዳ፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሰዓት ብቻ ይበቃል፤ በጀት አልጠየቅንም። ሜዳ ሊታጠር ሲል ዝርዝሩን ገልጣችሁ እዩ፣ ደውሉልን። ከእናንተ ከጋዜጠኞቹ የምለምነው ደግሞ በወር አንዴ ግማሽ ገጽ ነው። በየቤቱ እንደኛ ዓይነት ደብተር አለ። ኮምቦልቻ በየፈረቃው ይጫወቱ ከነበሩት ውስጥ ፎቶ ያላቸው ሰዎች አሉ፤ ከጀርባው ስም የተጻፈበት። ባለቤቶቹ እያለፉ ነው። ልጆቻቸው ቤት ሲያጸዱ ደብተሩን ከአሮጌ ጋዜጣ ጋር ለቆራሌው ይሰጡታል። በቅርቡ አንዱን ከቆራሌው ጆንያ ውስጥ ነው ያወጣሁት፤ ገዝቼ።

ጋዜጠኛ ከላካችሁልን ቅዳሜ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳ ነን። አብሽሩ፣ ማሊያ እንሰጠዋለን። ደብተሩንም አሳየዋለሁ፤ የቅጣቱን ገጽ ፎቶ እንዲያነሳ ግን በረኛው መፍቀድ አለበት። ካረፈደ ቅጣቱ 10 ብር ነው፤ ለጋዜጠኛም ያው ነው።

ከአክብሮት ጋር
የጤና ቡድን ጸሐፊ፣ ከደሴ